ለጠንቋይዋ የፈሰሰ እንባ

እድሉን የሚያማርር ሰው ሞልቷል። ሚዛን ከተማ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ከመናኸሪያ እስከ አማን ብትሄዱ፣ ሹፌሩ ስለ እድሉ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴትዮ ስለ እድሏ፣ ከፊት የተጣበበው ወጣት ደግሞ ስለ እድሉ ሲያወሩ ሳትወዱ ትሰማላችሁ። አንዱ "ተጽፎብኝ ነው" ይላል፤ ሌላዋ "ጽዋዬ ነው" ትላለች፤ ሦስተኛው ምንም ሳይል ወደ ላይ አይቶ ይተነፍሳል። እኔ በእነዚህ ሰዎች እቀናለሁ። እድላቸው መልክ የለው፣ ሰፈር የለው፣ መንገድ ላይ አግኝቷቸው "እንደምን አደርክ" አይላቸው። የእኔ እድል ግን ስም አለው። ደምሰው ይባላል። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ይኖራል፤ ቅዳሜ ገበያ ሙዝ ሲመርጥ አየዋለሁ።

ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ባጭሩ ስላችሁ ደግሞ እንዳታምኑኝ፤ ይህን ታሪክ ባጭሩ ተናግሬው አላውቅም። እኔና ደምሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል ተማርን፤ ያጠናነው ስለ እጽዋት ነው። ተመርቀን ቴፒ አካባቢ አንድ የቡና መሥሪያ ቤት ተቀጠርን። አንድ ቤት ተከራይተን ኖርን፤ እሑድ እሑድ ወደ ሚዛን እየመጣን እናቴ ቤት እንበላ ነበር። ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ የሚልክ የትምህርት ዕድል መጣ። ለአንድ ሰው ብቻ። በውጤት እኔ እበልጣለሁ፤ ይህን እሱም የሚክድ አይመስለኝም፣ ጠይቄው ባላውቅም። በውሳኔው ዋዜማ ደምሰው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ቆየ። እየሳቀ ወጣ። ይህን የነገረችኝ ጸሐፊዋ ናት። በማግስቱ የተጠራው የእሱ ስም ሆነ። ውስጥ ገብቶ ምን እንዳለ ማንም አልነገረኝም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ነጋሪ ያስፈልገዋል? ሰው ከአለቃ ቢሮ እየሳቀ የሚወጣው ምን ተናግሮ ነው?

እሱ ሄደ፤ ተማረ፤ ተመለሰ፤ እዚሁ ሚዛን አለቃ ሆነ። እኔ ሥራዬን ለቅቄ፣ ይኸው እዚህ ሚዛን፣ ሥርና ግንድ ምናቸውም ላልሆነ ልጆች ስለ ሥርና ግንድ አስተምራለሁ። ሰላምታችን ቆመ። እሱ ምግብ ቤት ሲገባ እኔ ሽሮዬን ግማሹን ትቼ እወጣለሁ። ሠርግ የሚደግሱ ሰዎች ሁለታችንን የት የት እንደሚያስቀምጡን አስቀድመው ይመካከራሉ። እሱ ውጭ አገር ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ የእኔን ሠራሁ። እሱን ነው ያጠናሁት። አረማመዱን፣ ሳቁን፣ የሸሚዙን አተኳኮስ ሳይቀር አውቃለሁ።

ዘንድሮ ደምሰው ታመመ። ሆዱ ውስጥ እብጠት ተገኘ፤ ጅማ ሄዶ ኦፕራሲዮን እንዲሆን ታዘዘ፤ እንዳይዘገይም ተነገረው። እሱ ግን "ከዚያ ሰውዬ ጋር ሳልታረቅ ቢላ አይነካኝም" ብሎ ቁጭ አለ። "ያ ሰውዬ" እኔ ነኝ። እንግዲህ ፍረዱ፤ በድሎኝ ሲያበቃ በሽታውንም እኔ ራስ ላይ ጫነው። ሚስቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ እብጠቱ ከየት እስከ የት እንደደረሰ በየቀኑ ይነግረኛል፤ እኔ ውሃ እያጠጣሁ የማሳድገው ይመስል።

ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ እንዴት እንደሚመጣ መቼም አይጠፋችሁም። በር ላይ ይቆማል። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ካላችሁት "ጉዳያችንን ተቀበልከን ማለት ነው?" ይላል። እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ውሃ እንኳ አይቀምስም። "ተቀመጡ" ብሎ ያስቀመጠ ሰው ታረቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነው። ሽማግሌን ደጃፍ አቁሞ እምቢ ማለት ደግሞ ከተማው ዓመት ሙሉ የሚያወራው ነውር ነው። ስለዚህ መታረቅ የማይፈልግ ሰው ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ቤት አለመገኘት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ በጓሮ በኩል በሙዙ መሃል ወጣሁ። በሁለተኛው የእህቴን ልጅ ሕይወትን "የለም በያቸው" ብዬ ላክኋት። ሕይወት ቴፒ ግቢ ኮምፒውተር የምታጠና፣ ለእረፍት እኔ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት፤ ብዙ ነገር ትችላለች፣ ውሸት ግን አይሆንላትም። የመጡት ሦስት ነበሩ፤ ባለ ሱቁ ሐጂ ከድር፣ የሸዋ ቤንች ወረዳ ሰው የሆኑት ባለ ቡናው ጋሽ ጳውሎስና የሰፈራችን ቄስ። ሕይወት "ጋሼ የለም" ስትል፣ ሐጂ ከድር በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ብቸኛ ጫማዬን አይተው፣

"ባዶ እግሩን ነው እንዴ የሄደው?" አሏት።

"አዎ" አለች ልጅቷ።

ከሄዱ በኋላ መጥታ ፊቴ ቆመች። "ጋሼ፣ አንተ የሚያስፈልግህ ጌም ነው" አለችኝ።

"ዕድሜዬን አታዪም? እኔ ተኩስ ልጫወት?"

"ተኩስ የለውም። ሩጫም የለውም። ማንበብና መምረጥ ብቻ ነው። ስለ አንዲት ጠንቋይ ነው።"

አማተብኩ። "እዚህ ቤት ጠንቋይ?"

"የተሳለች ናት እኮ ጋሼ! ደግሞ እንደ አንተ የተበደለች ናት።"

እንደ አንተ የተበደለች። ልጅቷ የት የት እንደሚያመኝ ታውቃለች። ላፕቶፑን ተቀበልኳት።

ጠንቋይ ሲባል ለእኔም ለእናንተም የሚታየን ገብስማ ዶሮ የሚያዝ ሰው ነው። ይህቺኛዋ ምንም አታዝም። የሐይቅ ዳር አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እጣውን ማወቅ የፈለገ ሰው ሻማ ይዞላት ይመጣል፤ ሻማውን ታበራለች፣ እፍ ብላ ታጠፋለች፣ ከዚያ ጭሱን ታነባለች። በዚህ ጊዜ ሦስት መልሶች ብቅ ይላሉ፤ አንዱን የምትመርጡላት እናንተ ናችሁ። የመረጣችሁት ደግሞ ይሆናል። ትንቢት አይደለም፣ ፍርድ ነው። አንዴ ከተናገረች መሰረዝ የለም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከልም የለም። ወደዚህ ወፍጮ ቤት የመጣችውም በፈቃዷ አይደለም። ጠንቋዮቹ እህትማማቾች በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚኖሩበት ትልቅ ቤት ነበራቸው፤ ከእነሱ አንዷ፣ በጣም የምትወዳት፣ በሐሰት መሰከረችባትና ከገበታው ተባረረች።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። "አላልኩም!" አልኩ። ማንን እንዳልኩ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እየተሸማቀቅኩ ነው። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መምጣት ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ሳይቀር ጠንቋይዋ ጋ ነኝ። ሥልጣን የሚባለውን ነገር በዕድሜዬ ያየሁት እዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ እንዴት እንደተጠቀምኩበትም ተመልከቱ። ዓሣ አጥማጁ መጥቶ "ነገ ሐይቅ ልውጣ?" ሲላት "ውጣ" አስባልኳት፤ ጀልባው ተሰበረ። አንዲት ልጅ ስለ ሠርጓ ልትጠይቅ መጣች። ሠርጓን አፈረስኩት።

ሕይወት አጠገቤ ጎደሬ እየላጠች ታያለች። "ጋሼ፣ ልጅቷ ምን አደረገችህ?"

"ጠንቋይዋ ስትባረር ቆማ አይታለች።"

"ያኔ አልተወለደችም እኮ!"

"እናቷ አይታለች።"

ልጅቷ ቢላዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። እኔ ቀጣዩን ባለ ሻማ አስገባሁ።

እንዲህ ሲል እሑድ ደረሰ። የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳ አትሰማም። መብራት ሄዷል። የላፕቶፑ ባትሪ ቀይ ሆኗል። ሕይወት "ዝጋው ጋሼ፣ ሊጠፋ ነው" ትለኛለች፤ እኔ ግን እንዴት ልዝጋው? ያቺ የመሰከረችባት እህቷ መጥታለች! አርጅታ፣ በዝናብ በስብሳ፣ ፋኖስ አንጠልጥላ፣ ሻማዋን በጉያዋ ይዛ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። መናገር ጀመረች። ንግግሯ ረዥም ነው፤ እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ ባትሪው እያለቀ ነው። ደግሞስ ምን ልትል ነው? እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሉትን አውቀዋለሁ። ሳላነብ አሳለፍኩት። ገጽ አልፎ ገጽ አሳለፍኩት። ሦስቱ መልሶች ሲመጡ የመጨረሻውን፣ የከፋውን መረጥኩ፤ "ብቻሽን ትሞቻለሽ፤ አንድም ሰው አያለቅስልሽም።"

እህቷ ይህን ሰምታ "እሺ" አለች። እሺ ብቻ። ከጉያዋ አንዲት ጎድጓዳ ሳህን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በእህትማማቾቹ ገበታ ላይ የጠንቋይዋ የነበረችው ሳህን ናት። "ማታ ማታ አብሬ ሳቀርባት ነው የኖርኩት፤ ቦታሽ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈቀድኩም" አለቻት። ያሳለፍኩት ንግግር ይህ ኖሯል። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ "ዝናቡ እስኪያባራ ልቀመጥ?" ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ሦስት መልስ አልመጣም። ሁለትም አልመጣም። ጌሙ ምንም አላስመረጠኝም፤ ጠንቋይዋ ዝም ብላ ቆመች። አሮጊቷም ዝምታው መልስ መሆኑ ገባትና ወጣች። ፋኖሷ በቁልቁለቱ መንገድ እያነሰች፣ እያነሰች፣ እያነሰች ስትሄድ ይታያል፤ እኔ "ተመለሺ! ተቀመጪ!" እያልኩ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ እጫናለሁ። ባትሪው አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረና ውስጡ የገዛ ፊቴን አየሁት። እንባዬ ጺሜ ላይ ደርሷል።

በሩ ተንኳኳ።

እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጓሮ ሄጄ ነበር። በረንዳው ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ለሦስት አንድ ጃንጥላ፣ እሱም አንድ ክንፉ የተሰበረ። የጋሽ ጳውሎስ ኮፍያ ውሃ ያንጠባጥባል። ፊቴን አዩት። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ሱብሃነላህ" አሉ ሐጂ ከድር በለሆሳስ። "ገና አፋችንን ሳንከፍት!"

"እግዚአብሔር ልቡን ቀድሞን አንኳኩቶታል" አሉ ቄሱ።

"አይ... ይሄ እንኳን..." አልኩ። ይሄ ምን? ለአንዲት የተሳለች አሮጊት ነው ልል ነው? አንድ መምህር ሰው? ከኋላዬ ሕይወት ስትስል ሰማሁ፤ ሳል አልነበረም።

ጋሽ ጳውሎስ አንድ እግራቸውን ከበረንዳው ፍሳሽ እያወጡ፣ "ልጄ፣ እንቀመጥ?" አሉ።

በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ዝናብ፣ ይህን ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል ሰው ካለ እሱ ከእኔ የጠነከረ ነው። "ግቡ! ተቀመጡ! ኧረ ተቀመጡ!" ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴ ከቆርቆሮው በላይ ተሰማ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ሦስቱም ተቀምጠው፣ ሐጂ ከድር እጃቸውን ለዱዓ ሲዘረጉ ነው። በሥርዓቱ መሠረት ታርቄ አልቄያለሁ።

ሲሄዱ ሕይወት፣ "ጋሼ፣ እንባው የጠንቋይዋ መሆኑን ሮጬ ልንገራቸው?" አለችኝ።

"ዝም በይ!"

"ዝም ብያለሁ። ግን አንድ ቀን ላጋልጥህ ነው።"

እንባ ከተማ ውስጥ ሲዞር እንደሚያድግ ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ጠዋት "እንባው መጣ" የተባለው፣ ረፋድ ላይ "ተንሰቅስቆ አለቀሰ" ሆኖ፣ ከሰዓት በኋላ "የደምሰውን ስም እየጠራ መሬት ላይ ወደቀ" ደረሰ። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር በሰልፍ ፊት እጄን ጨበጠኝ። በዕድሜዬ ለሠራሁት ነገር እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም፤ የተመሰገንኩበትን ደግሞ አልሠራሁትም።

እርቁ የተደረገው ደምሰው ቤት ነው። ከስቷል። የሸሚዙ አንገት ሌላ ሰው ያስገባል። እኔን አንድ ጎን፣ እሱን ሌላ ጎን አስቀመጡን፤ ልኮ ያስጠራው እሱ ነውና ይናገር ተባለ።

"ወንድሜ፣ የበደልኩህን አውቃለሁ" አለ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በአፉ ስንት ጊዜ እንዳስባልኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር። መልሷንም አዘጋጅቻለሁ፤ ባማረ አማርኛ፣ ደጋግሜ ያረምኳት ናት።

"በእናትህ ለቅሶ አልመጣሁም" አለ።

ምን?

"መርዶውን የሰማሁት ውጭ ሳለሁ ነው። እዚያው ብቻዬን አለቀስኩ። ስመለስ ወዲያው ደጅህ መምጣት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ፤ ሲዘገይ አፈርኩ፤ አንተ ስታኮርፈኝ ደግሞ 'ይገባኛል' ብዬ ተቀበልኩ። ያን ሁሉ እሑድ ከእጇ በልቼ እግዚአብሔር ያጽናህ ሳልልህ ቀረሁ። በዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያዘንክብኝ፤ ልክ ነህ።"

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ለቅሶ አለመድረስ እንደሆነ ቀላል በደል አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ልኩን ያኮረፈን ሰው ማንም አይፈርድበትም። ሁሉም በአክብሮት አዩኝ። እናቱን የማይረሳ ልጅ!

እኔ ግን አለመምጣቱን አላስተዋልኩም ነበር። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ አላየሁም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየገባ "ያጽናህ" ሲለኝ፣ በሐሳቤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ እከራከር ነበር። እናቴ ሞታ እኔ የማለቅሰው ለትምህርት ዕድል ነበር። እሱ፣ ያ የበደለኝ ሰው፣ በሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ለእናቴ አልቅሷል። እኔ ለእሷ እንኳ ለዚያች ጠንቋይ ያለቀስኩትን ያህል አላለቀስኩም።

"አንተስ?" አሉኝ ቄሱ። "ሌላ ያዘንክበት ነገር ካለ አሁን ተናገር። ከዚህ ቤት ከወጣን ወዲያ ቅሬታ የሚባል የለም።"

ሁሉም ይጠብቃል። የደምሰው ሚስት በር ላይ ሳህን ይዛ ቆማለች። አሁን ብናገር ለዘመናት የፈለግኩትን መልስ አገኛለሁ፤ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ምን እንዳለ ይናዘዝ ይሆናል። ወይም "እኔ? ምንም አላልኩም እኮ" ይላል፤ ያን ጊዜ የእኔ ሁለተኛ ዲግሪ ምን ሊሆን ነው? ደግሞ ከተናገርኩ፣ "ስለ እናቴ ያልከው ትዝም አላለኝ፤ እኔ ያኮረፍኩት ስለ ራሴ ነው" ማለቴ ነው። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት።

"የለኝም" አልኩ።

ልብ በሉ፣ ከቸርነት አይደለም። ከእፍረት ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። አጥንቱ ወጋኝ።

ወደ ጅማ ሊሄድ ሲል መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ የታረቀ ሰው መሸኘት አለበት። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጄን ያዘና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ "ስመለስ ለብቻህ የምነግርህ ነገር አለ" አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌ ፊት ያላወጣት አንዲት ነገር አለች፤ እሷም ያቺው ናት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስጸልይ ሰነበትኩ። ያ ሁሉ ዘመን የተመኘሁለትን ብታውቁ፣ አሁን "አውጣው፣ መልሰው" እያልኩ ስንበረከክ ያው ሰው መሆኔን ትጠራጠሩ ነበር። ያው ነኝ። ደምሰው ከሞተ መልሱን ይዞብኝ ይሄዳል፤ የጸለይኩት ለመልሱ ነው። ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ "እንዴት ያለ ልብ ነው" ይላሉ።

ደምሰው ድኖ ተመለሰ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ጠያቂው ሲቀንስ ሚስቱን "እስቲ ለብቻችን ተይን" አላት። ወንበሬን አስጠጋሁ።

"ያን ቀን የምነግርህ አለ ያልኩህ ነገር..." አለ።

"አዎ?"

"ሽማግሌዎቹ 'እያለቀሰ ተቀበለን' ሲሉኝ ያንተ እንባ ልቤን በላው። በሰው ፊት ብነግርህ ደግሞ እኔም ላለቅስ ሆነ፣ ተውኩት። ጅማ ጠረጴዛው ላይ ሲያስተኙኝ በጣም ፈራሁ። ሚስቴ አለች፤ ሚስት እንደሆነ ታለቅሳለች። የበደልከው ሰው ሲያለቅስልህ ግን ሌላ ነው። 'ግዴለም ደምሰው፣ አንተ ሰው አለህ' አልኩ ለራሴ። እንደዚያ እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህን ነው ልነግርህ የፈለግኩት።"

ጠበቅኩ። ሌላ አልነበረም። ይኸው ነበር።

ሕሊና ያለው ሰው በዚህ ጊዜ እውነቱን ይናገራል አላችሁ? እስቲ እናንተ ሂዱና ገና ስፌቱ ያልደረቀ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ "ያ እንባ ለኮምፒውተር ጠንቋይ ነበር" በሉት። እኔ ብርቱካኑን ላጥኩለት። ነጩን ክር ሳይቀር አንድ በአንድ አነሳሁለት፤ እሱ እየበላ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ልጣጩን አያለሁ።

አሁን እሑድ እሑድ አብረን እንበላለን። ያን ቀን ቢሮ ገብቶ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የመጠየቅ መብቴን በአንድ "የለኝም" አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ይህን ሁሉ ጽፌ የማስነብባችሁም ያለ ስጋት ነው። ደምሰው ጋ አይደርስም። ሰውዬው ሁለተኛ ዲግሪ ቢኖረውም ማንበብ የሚባል ነገር አይወድም።

ይህን ያልኩት በቅናት እንዳይመስላችሁ።